ለአዲሱ ተሿሚ

ልጄ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይምከሩኝ» ብለህ ስለጻፍክልኝ ይኸው። እኔ ያየሁት ባሕር ጣና ብቻ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ብቻቸውን በሸራ ጀልባ ውቅያኖስ ስላቋረጡ ሰዎች ማንበብ አመል ሆኖብኛል። ብቻውን ያለ ሰው ማንን ይመራል ትለኝ ይሆናል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው፦ ተቆጣጣሪ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? አንተም ከእንግዲህ ብዙ የሚቆጣጠርህ የለም። (ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

፩. ሁለት መዝገብ አትያዝ። በ1968 ሰንደይ ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ብቻውን፣ ወደብ ሳይነካ ዓለምን ለሚዞር ሽልማት አቀረበ። ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ። ከእነርሱ አንዱ ዶናልድ ክሮኸርስት ቤቱንና ድርጅቱን አስይዞ፣ ጀልባው በቅጡ ሳትሰናዳ፣ በመጨረሻው የተፈቀደ ቀን ወጣ። ጀልባዋ ውሃ ታስገባ ጀመር። ወደፊት ቢሄድ መስመጥ፣ ቢመለስ ኪሳራ ሆነበት። ስለዚህ አትላንቲክ ላይ እየተንቀዋለለ፣ ሩቅ የደረሰ አስመስሎ በሬዲዮ መልእክት ይልክ ጀመር፤ የሐሰት የጉዞ መዝገብም ከእውነተኛው ጎን ያዘ። በሐምሌ 1969 ጀልባዋ ባዶዋን ተገኘች።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ናይጄል ቴትሊ ነው። ዓለምን ዞሮ ሊጨርስ ተቃርቦ ሳለ፣ ክሮኸርስት እየደረሰበት መሆኑን ሰማ። የተጎዳች ጀልባውን አጣደፋት፣ ከአዞረስ ደሴቶች አጠገብ ሰመጠችበት። እርሱ ተረፈ። ያልተደረሰበትን ቦታ አምኖ ጀልባውን አጣ። እኔም በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንድ ወረዳ «ቆፍሬያለሁ» ብሎ የላከውን የውሃ ጉድጓድ ቁጥር አምነን፣ ጎረቤቱን ወረዳ «አንተስ?» እያልን አስጨነቅነው። እርሱም እንደ ጎረቤቱ ጻፈ። በዚያ ዓመት በወረቀት ላይ ብዙ ውሃ ፈለቀ።

፪. ማኅተሙን በኪስህ ይዘህ ፈቃድ አትውጣ። ከዘጠኙ ጉዞውን የፈጸመው ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን ብቻ ነው፤ 312 ቀን ፈጀበት። ጀልባዋን ያለ ሰው እጅ የሚያቀና መሣሪያው አውስትራሊያ አካባቢ ተሰበረ። ምን አደረገ? ሸራዎቹን አመጣጥኖ ጀልባዋ በራሷ አቅጣጫዋን እንድትይዝ አደረገና ተኛ። ቋንቋችን የሚያቀናውንም እንጨት፣ አለቃውንም «መሪ» ይላል። ኖክስ-ጆንስተን መሪውን ለቆ የሚተኛበትን መላ አገኘ፤ የእኛ ሰው ግን አለቃው ለስብሰባ ስለሄደ ብቻ «ነገ ተመለስ» ይባላል።

፫. ነፋሱ ሳይበረታ ሸራህን ሰብስብ። ሰኔ ላይ በጀት ለመጨረስ የሮጠ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ አላብራራም።

፬. የሚረዳ ሰው እንዳይጎዳ ደንቡን አብጅ። ቫንዴ ግሎብ በተባለው፣ ብቻን በሸራ ጀልባ ዓለምን በሚዞሩበት፣ በ2020 በተጀመረው ውድድር የአንዱ ተወዳዳሪ የኬቨን ኤስኮፊየ ጀልባ በደቡብ አትላንቲክ ለሁለት ተሰበረች። ፍለጋው ላይ የተሰማሩት ተወዳዳሪዎች ያባከኑት ጊዜ ተቆጥሮ ተመለሰላቸው። ከፈላጊዎቹ አንዱ ያኒክ ቤስታቨን የመጨረሻውን መስመር ሦስተኛ ሆኖ ቢያልፍም፣ በተመለሰለት 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ አሸናፊ ሆነ። አንተ ጋ ለሌላው ክፍል ሁለት ሠራተኛ ያዋሰ ኃላፊ በዓመቱ ምዘና ይታሰብለታል ወይስ ነጥብ ይቀነስበታል? ቅጹን አውጥተህ እየው።

፭. ኖክስ-ጆንስተን የተሸለመውን 5,000 ፓውንድ ለክሮኸርስት ቤተሰብ ሰጠ፤ ማታለሉ ከታወቀ በኋላም ይመለስልኝ አላለም። ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤአለሁ። ክሮኸርስት «አልቻልኩም» ብሎ ቢመለስ የሚጠብቀው የተያዘ ቤቱ ነበር። የመጀመሪያውን ስብሰባ ከመጥራትህ በፊት፣ እጁን አውጥቶ «እኔ ዘንድ ሥራው አልተጀመረም» ለሚልህ ሰው ምን እንደምትመልስለት አስበህ ግባ። ሌሎቹም መልስህን እየሰሙ ነው።