ጨቅላ ሕፃን ጡት አልይዝ ሲል

በዚህ ወር በጨቅላ ሕፃናት ላይ ስለሚደርስ ከባድ ኢንፌክሽንና ስለ አስተማመሙ እንማማራለን።

አዋቂ ሰው ጀርም ደሙ ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ያተኩሰዋል። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ላያተኩስ፣ እንዲያውም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ትልቁ ምልክት ጡት ነው፤ ትናንት በደንብ የጠባ ልጅ ዛሬ ጡት አልይዝ ይላል፣ ወይም ይዞ ይተዋል። «ዛሬስ ጸባዩ አማረ» የምንልለት ዝምታም አንዳንዴ ድካም ነው። ካልነካኩት የማይንቀሳቀስ፣ የሚያንዘፈዝፈው፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ፣ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ የደረሰ ወይም ከ35.5 በታች የወረደ ሕፃን ለነገ አይባልም። «አርባው ሳይሞላ አይወጣም» ማለት ለጤነኛው ነው።

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ሆስፒታል መሄድ በማይቻልበት ጊዜ አሞክሳሲሊንና የጄንታማይሲን መርፌ ለ7 ቀን ይሰጣሉ። ልጁ በሦስተኛው ቀን መጥባት ቢጀምርም መርፌው አይቋረጥም።

ወደ ሆስፒታል ከተላከ ደግሞ መንገዱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከደጋን ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሰው ደሴ ሲደርስ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ብርዱን እናውቀዋለን። በፎጣ የተጠቀለለ የታመመ ሕፃን ራሱን ማሞቅ አይችልም። ራቁት ደረቱ በእናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ፣ ራሱ በኮፍያ፣ ሁለቱም በጋቢ ተሸፍነው ይሂዱ። ፊቱ ግን አይሸፈን። መዋጥ ከቻለ በየመንገዱ ይጥባ፤ ካልቻለ በግድ አይጋት።

ሆስፒታል ሲደርስ ነርሷ ሙቀቱን፣ ትንፋሹንና ሽንቱን ደጋግማ ታያለች፤ ኦክስጅንና መድኃኒት ትሰጣለች። አስታማሚዎች «ግሉኮሱ ቶሎ ቶሎ ይውረድለት» ባይሉ መልካም ነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከሁለት ወር በላይ በሆኑ ከ3,000 በላይ በጠና የታመሙ ሕፃናት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው መካከል የሞቱት እንደሚበዙ አሳይቷል። ለጨቅላውም መጠኑ በኪሎው ተሰልቶ ነው የሚወርደው።

ልጁ በቱቦ እየተመገበ ሳለ እናቲቱ በየ3 ሰዓቱ እጇን በሳሙና ታጥባ ጡቷን በንጹሕ ኩባያ ትለብ፤ አለዚያ ወተቱ ይቀንሳል። ዘመድ ጠያቂም አብሽና አጥሚቱን ለእርሷ ይዞ ይምጣ፤ ሕፃኑን ለመሳም ግን አይቸኩል።