መጠጥ ባቆሙ ማግሥት የሚመጣ አደጋ



በቦረና፣ በወግዲና በለጋምቦ ደጋ ለብዙ ዓመት አረቄ ሲጠጣ የኖረ አባወራ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አልቀምስም» ብሎ ሲምል ቤተሰቡ ይደሰታል፤ ሽማግሌውም ይመርቃል። ውሳኔው መልካም ነው። ሆኖም በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲተው የሚነሣበት ሕመም ለሞት ሊያደርሰው እንደሚችል ብዙዎቻችን አናውቅም። ጫትን መተው ያደክማል፣ ያስጨንቃል፤ እንደ አልኮል ግን አይገድልም።

ምክንያቱም አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ይህን ለመቋቋም ራሱን ማነቃቃት ይለምዳል። ማደንዘዣው በድንገት ሲነሣ መነቃቃቱ ያለ ልጓም ይቀራል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ሲሆን አንዳንዱ ያለበትን ቦታ ይስታል፣ የሌለ ሰው ያነጋግራል፣ ትኩሳቱና የልቡ ምት ይጨምራል። ሐኪሞች ይህን ዲሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል።

ስሕተቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ የሚቃዠውን ሰው አይቶ «መንፈስ ያዘው» ይላል፤ ያስረዋል፣ እህልና ውኃ ይከለክለዋል፣ ወይም በብርድ ወደ ጠበል ይወስደዋል። ጠበልን መንቀፌ አይደለም፤ ጸሎትና ሕክምና ተጣልተውም አያውቁም። ነገር ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት በባዶ ሆድ ታስሮ የሚያድር በሽተኛ ጧት በሕይወት ላይገኝ ይችላል።

ሕክምናው እንግዳ ነገር አይደለም። ዲያዘፓም በሐኪም መጠን ይሰጥና በየቀኑ እየተቀነሰ ይቆማል። ቲያሚን የተባለው ቫይታሚንም ግሉኮስ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ይሰጣል፤ ይህ ቅደም ተከተል ሲዘነጋ በረኀብ የተጎዳ ጠጪ የዓይኑ እንቅስቃሴ፣ አረማመዱና የማስታወስ ችሎታው ሊበላሽ ይችላል። ጠጪ ብዙ ጊዜ እንጀራውን ትቶ መጠጡን ስለሚመርጥ ይህ ጉዳይ የጥቂቶች ብቻ አይደለም።

በሽተኛን ተቀብሎ የሚያሳድር ቦታ ሁሉ የሕክምና ቦታ አይደለም። ከማስረከባችሁ በፊት ጠይቁ፦ ሌሊት የሚነቃ የጤና ባለሙያ አለን? ሲቀበሉት የመጨረሻ መጠጡን ሰዓትና ከዚህ ቀደም ተንፈራግጦ እንደ ነበር ይመዘግባሉን? የልቡን ምትና የደም ግፊቱን በየጥቂት ሰዓቱ ይለካሉን? ቢብስበት በምን መኪና፣ ወዴት ይወስዱታል? ሰንሰለት የሚታይበት ቤት ግን ጥያቄም አያስፈልገውም፤ ይዛችሁት ተመለሱ።

ቀድሞ የተንፈራገጠ፣ የሚቃዥ፣ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ሳይዘገይ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ይወሰድ፤ ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደ ደሴ ይላካል። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ከሁሉ የታወቀው የአእምሮ ሕክምና ቤት ቢሆንም በሦስት ቀን ውስጥ ለሚሞት ሰው ሩቅ ነው።

ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ከሰጠ በኋላ ተመልሶ እንደሚመጣ መናገሩን አስታውሱ። ከሕክምና የወጣው ሰውም መጎብኘት ይገባዋል፤ የተረፈውን ዲያዘፓም ቤቱ አስቀምጦ ዳግመኛ አረቄ ቢጠጣበት ሁለቱ ተባብረው ትንፋሹን ሊያቆሙት ይችላሉና።

ክረምት መንገዱን ዘግቶ ባለሙያ ማግኘት ያልተቻለ እንደ ሆነ፣ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣው ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አታስምሉት። ከባለሙያ እስኪደርስ ድረስ መጠጡን ቀስ በቀስ ይቀንስ፣ እህልና ውኃ ይውሰድ፣ ሌሊትም ብቻውን አይደር።