ምዕራፍ 6፦ ምላስ ያወቀው፣ ቁጥር የቆጠረው

እናቴ የሊጡን ቡሃቃ ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ከላይ ያቀረረውን ውሃ ነው። በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ትቀምሰዋለች። «ገና ነው» ካለች ክዳኑ ይመለሳል። «በቃው» ካለች ውሃው ይቀዳል፣ አብሲቱ ይጣላል፣ ምጣዱ ይጣዳል። በብርድ ሊጡ ቀን ይጨምራል፤ በሙቀት ደግሞ ሳይታሰብ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የሚወስነው ቀን ቆጠራ ሳይሆን ምላሷ ነበር።

እናቴ «ፒኤች» የሚለውን ቃል ሰምታ አታውቅም። ሆኖም የዚህን ምዕራፍ ግማሽ ታውቀዋለች፦ ኮምጣጣነት መጠን አለው፤ መጠኑ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ልኩን ሲያልፍ ሥራ ያበላሻል። ኬሚስትሪ ያመጣው ሌላውን ግማሽ ነው፤ መጠኑን በቁጥር መናገርን። ቁጥሩ ግን ላላወቀበት ሰው አሳሳች ነው፤ አንድ እርምጃ በሚመስለው ውስጥ አሥር እጥፍ ተደብቋል። ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚወጡ ከሆነ ይህንን ይያዙ።

አሲድ ማን ነው? ቤዝስ?

ሎሚ ውስጥ ሲትሪክ አሲድ፣ ኮምጣጤ ውስጥ አሴቲክ አሲድ፣ እርጎና የቦካ ሊጥ ውስጥ ላክቲክ አሲድ አለ። ስማቸው ቢለያይም ውሃ ውስጥ ሲገቡ ሥራቸው አንድ ነው፤ የሃይድሮጅን አዮን ይለቃሉ። ምላሳችንን የሚቆነጥጠው በዋናነት ይህ አዮን ነው።

ቤዝ ተቃራኒው ነው። ሳሙና፣ አመድ፣ ኖራ፣ ቤኪንግ ሶዳና በረኪና ከዚህ ወገን ናቸው። ቤዝ ሲነኩት ያሟልጫል፤ ቅባትም ይፈታል። በገጠር ቅባት የያዘ ዕቃ በአመድ የሚታሸው በከንቱ አይደለም፤ አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ቅባቱን እየፈታ ከፊሉን ወደ ሳሙናነት ይቀይረዋል።

ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1884 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ እንዲህ ያሉ ነገሮች ውሃ ውስጥ ሲሟሙ ወደ አዮኖች እንደሚከፈሉ አስረዳ። በዚህ ሐሳብ መሠረት አሲድ ሃይድሮጅን አዮን፣ ቤዝ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ አዮን የሚለቅ ነው። ጽሑፉ በጊዜው ዝቅተኛ ውጤት ተሰጥቶት ነበር፤ በ1903 ግን አሬኒየስ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘ። አንድ ጥያቄ ግን ቀረ፦ አሞኒያ በውስጡ ሃይድሮክሳይድ የለውም፤ ታዲያ ለምን ቤዝ ይሆናል? በ1923 ዴንማርካዊው ብረንስቴድና እንግሊዛዊው ላውሪ፣ ሳይመካከሩ፣ አንድ መልስ ሰጡ፦ አሲድ ሃይድሮጅን አዮን ሰጪ፣ ቤዝ ተቀባይ ነው። አሞኒያም ከውሃ ላይ አዮኑን ስለሚቀበል ቤዝ ሆነ።

ሰጪና ተቀባይ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለየብቻቸው ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ልክ በልክ ሲቀላቀሉ የሚቀረው ውሃና ወጥ ላይ የምንነሰንሰው ጨው ነው።

የአንድ ቦታ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። ኬሚስቶች የአዮን ብዛት የሚለኩት በሞል ነው። ሞል እንደ ደርዘን ያለ ጥቅል ነው፤ ደርዘን 12 ሲሆን ሞል 602 ቢሊዮን ትሪሊዮን ያህል ነው። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን 0.0000001 ሞል ነው። ይህም ከ550 ሚሊዮን ገደማ የውሃ ሞለኪውሎች አንዱ ብቻ ተከፍሏል እንደማለት ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር ለመጻፍም ለማንበብም ያስቸግራል። ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ ለነበረው ለሶረን ሶረንሰን ይህ ችግር የዕለት ተዕለት ፈተናው ነበር። የሚያጠናቸው ኢንዛይሞች በአሲድ መጠን ጥቂት ለውጥ ሥራቸው ይቀያየራል። በ1909 ያቀረበው መፍትሔ ፒኤች ነው።

ዘዴው ቀላል ነው፦ ከነጥቡ በኋላ 1 ስንተኛው ቦታ ላይ እንዳለ ይቁጠሩ። 0.001 ከሆነ 1 ያለው ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው፤ ፒኤቹ 3። 0.0000001 ከሆነ ሰባተኛው ላይ ነው፤ ፒኤቹ 7። ንጹሕ ውሃ 7፣ ማለትም ገለልተኛ፣ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። አሲዱ በበዛ ቁጥር 1 ወደ ነጥቡ ስለሚጠጋ ቁጥሩ ያንሳል። ብዙ ተማሪ የሚምታታው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ቁጥር፣ ብዙ አሲድ።

ጥቂት ግምታዊ መጠኖች እነሆ፦

• የጨጓራ አሲድ፦ ከ1.5 እስከ 3.5
• የሎሚ ጭማቂ፦ 2 ገደማ
• ኮምጣጤ፦ ከ2.5 እስከ 3
• በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ፦ 4 አካባቢ
• ወተት፦ 6.6 ገደማ
• ደም፦ ከ7.35 እስከ 7.45
• የቤኪንግ ሶዳ ውሃ፦ 8.3 ገደማ
• በረኪና፦ ከ11 እስከ 13

አብዛኛው ነገር ከ0 እስከ 14 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ድንበሩ ግን ግንብ አይደለም። በአፋር፣ ዳሎል ላይ የሚፈልቀው ቢጫና አረንጓዴ ውሃ ፒኤቹ ከ0 በታች ሆኖ ተለክቷል። ከዚያ ወደ ደቡብ በስምጥ ሸለቆ ሲወርዱ ደግሞ የሻላና የጪቱ ሐይቆች ሶዳ የበዛባቸው ናቸው፤ ፒኤቻቸው 10 አካባቢ ነው። አገራችን ሁለቱንም ጫፎች ይዛለች።

አንድ እርምጃ፣ አሥር እጥፍ

አንድ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለዎት እንበል፤ ፒኤቹ 1 ነው። ንጹሕ ውሃ ብቻ እየጨመሩ ወደ 2 ለማድረስ ጠቅላላው 10 ሊትር መሆን አለበት፤ ይህም ግማሽ ጀሪካን ነው። ወደ 3 ለማድረስ 100 ሊትር፣ አምስት ጀሪካን ያስፈልጋል። ወደ 6 ለማድረስስ? 100,000 ሊትር፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 5,000 ጊዜ ተቀድቶ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ከ1 እስከ 6 አምስት እርምጃ ብቻ ነበር።

ይህን የያዘ ሰው የሐኪምን ድንጋጤ ይረዳል። የደም ፒኤች ከ7.4 ወደ 7.1 ቢወርድ ቁጥሩ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ የሃይድሮጅን አዮኑ ግን እጥፍ ሆኗል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን በጣም ሲያጥረው ሰውነቱ ኬቶን የተባሉ አሲዶችን ያመርታል። ያን ጊዜ በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ ይጀምራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ አሲድ ስለሚፈጥር፣ ሳንባ እሱን ቶሎ ቶሎ በማስወጣት አሲዱን ለመቀነስ እየታገለ ነው። እንዲህ የሚተነፍስ የስኳር ሕመምተኛ ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ያድርሱት። በጤነኛ ሰው ግን ሳንባና ኩላሊት ልኩን አጥብቀው ይጠብቃሉ፤ ሎሚ መጠጣትም ሆነ «አልካላይን» ተብሎ የሚሸጥ ውሃ የደምን ፒኤች አይቀይርም።

ገበሬም ይህን ሒሳብ በማሳው ያየዋል። ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብና የሰሜን ምዕራብ ደጋዎች ውሃው ለዘመናት ካልሲየምና ማግኒዥየሙን አጥቦ ስለወሰደ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ተጣብቆ የኖረው አልሙኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል፤ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስም ይታሰርበታል። ገብስና ስንዴው ማዳበሪያ እየበላ የሚቀጭጨው በዚህ ነው። መድኃኒቱ ቤዝ የሆነው ኖራ ነው። በሄክታር በርካታ ኩንታል የሚጠየቀውም ፒኤቹን በአንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ቀላል ስላልሆነ ነው፤ አፈሩ በጉያው ይዞት የሚቆየው አሲድም አለ።

ይሞክሩት፦ ከርከዴ ዳኛ ሲሆን

ጥቂት የደረቀ ከርከዴ በፈላ ውሃ ይዘፍዝፉ፤ ይቀዝቅዝ። በሦስት ብርጭቆ ይክፈሉት። አንደኛው ላይ ሎሚ ይጭመቁ፤ ቀይነቱ ይደምቃል። ሁለተኛውን ይተዉት፤ ለማነጻጸሪያ ነው። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ይነስንሱ፤ አረፋ አውጥቶ ቀይነቱ ይጠፋል፣ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። አሁን ሦስተኛው ላይ ሎሚ ጠብ ጠብ ያድርጉበት፤ ቀዩ ተመልሶ ሲመጣ ያያሉ። በዓይንዎ ያዩት አሲድና ቤዝ ሲጠፋፉ ነው። የቤተ ሙከራው ሊትመስ ወረቀትም ከሊከን በሚወጣ ቀለም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ሦስት ትእዛዛት

በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር አይቀላቅሉ፤ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የተጠናከረ አሲድ ሲያቀጥኑ አሲዱን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃ ይጨምሩ፤ ውሃ ወደ አሲድ ከጨመሩ በሙቀት ፈልቶ ይረጫል። አሲድ ወይም ቤዝ ቆዳዎን ወይም ዓይንዎን ከነካ በሌላኛው ለማጥፋት አይሞክሩ፤ ለረጅም ጊዜ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠቡና ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ራስዎን ይፈትሹ

1. ፒኤቹ 3 የሆነ ፈሳሽ ፒኤቹ 5 ከሆነው በሃይድሮጅን አዮን መጠን በስንት እጥፍ ይበልጣል?
*መልስ፦* ሁለት እርምጃ ነው፤ 10 በ10 ሲባዛ 100 እጥፍ።

2. የጨጓራ አሲድ ፒኤች 2፣ የደም ደግሞ 7.4 ቢሆን ልዩነቱ ስንት ነው?
*መልስ፦* 250,000 እጥፍ ገደማ። ሁለቱ በአንድ ሰውነት ውስጥ የስስ ግድግዳ ጎረቤት ናቸው።

3. ኮምጣጤና የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቻቸው እኩል 3 ነው። አሲዳቸውም እኩል ነው?
*መልስ፦* አይደለም። ሃይድሮክሎሪክ ጠንካራ አሲድ ስለሆነ ያለውን አዮን ሁሉ ይለቃል። አሴቲክ አሲድ ደካማ ነው፤ በዚህ ኮምጣጤ ውስጥ ከመቶ ሞለኪውሎቹ አዮኑን የሚለቁት ሁለት ያህል ብቻ ናቸው፤ የቀረው በመጠባበቂያ ተቀምጧል። ፒኤች የሚቆጥረው የተለቀቀውን ብቻ ነው።

4. እናቴ ያቀረረውን ውሃ ቀድታ ንጹሕ ውሃ ስትጨምር ሊጡ ለምን ይለዝባል?
*መልስ፦* የተቀዳው ውሃ የሟሟውን ላክቲክ አሲድ ይዞ ይሄዳል። ላክቲክ አሲድም ደካማ ነው፤ ከመጠባበቂያው እየለቀቀ ስለሚተካ የሊጡ ፒኤች የሚነቃነቀው ጥቂት ነው። ምላስ ግን ልዩነቱን ይለየዋል፤ ምክንያቱም ምላስ የሚሰማው የተለቀቀውን አዮን ብቻ ሳይሆን በመጠባበቂያ ያለውንም አሲድ ነው። ፒኤቻቸው እኩል ሆኖ ኮምጣጤ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይበልጥ የሚኮመጥጠው በዚህ ነው። «በቃው» ስትል፣ ቁጥሩ ያልቆጠረውንም ጨምራ ነበር።