የኢሜይል ደብዳቤን በየዶሴው ስለ ማስቀመጥ

ስለ ኢሜይል አያያዝ ለመጻፍ የተነሣሁት ከጓደኞቼ የበለጠ ዕውቀት ኖሮኝ አይደለም፤ ጥፋት ስላጠፋሁ ነው። በቤታችን አንድ የኢሜይል ሣጥን አለ። አባቴም፤ እናቴም፤ ታላቅ እኅቴም፤ እኔም የምንጠቀመው በዚሁ በአንዱ ሲሆን ጠባቂው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት እኅቴ ለነጻ ትምህርት ላቀረበችው ማመልከቻ መልስ መጣ። መልሱም የትምህርት ማስረጃዋን ግልባጭ በ10 ቀን ውስጥ እንድትልክ የሚጠይቅ ነበር። እኔ ግን ያየሁት በ23ኛው ቀን ነው። ደብዳቤው አልጠፋም፤ አልተሰረዘምም፤ ከሱቅ ማስታወቂያና ከልዩ ልዩ ማሳሰቢያ በታች ተቀብሮ ተቀምጦ ነበር። እኅቴ አልተቈጣችኝም፤ ብትቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ነገሩን በነገርኋቸው ጊዜ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ልጄ፤ የገባው ደብዳቤ ከተነበበ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» አሉኝ። «እዚያው ይቆያል» ብዬ መለስሁ። «እንግዲያው ያ መዝገብ ቤት አይደለም፤ ገቢ ደብዳቤ የሚከመርበት ጠረጴዛ ነው» አሉ።

እሳቸው እንዳስረዱኝ፤ በመዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ ቀንና ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያም ጉዳዩ ወደሚመለከተው ዶሴ ይገባል፤ ዛሬ ፋይል የምንለውን እሳቸው ዶሴ ይሉታል። ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጠረጴዛው ባዶ መሆን አለበት። በኢሜይል ጠረጴዛው ኢንቦክስ የሚባለው ነው፤ ዶሴው ደግሞ ፎልደር ነው።

በኢንተርኔት ገጽ የሚከፈት የኢሜይል ሣጥን ለሕዝብ በሰፊው የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ሆትሜይል፤ በ1997 ደግሞ ያሁ ሜይል ሲከፈቱ ነው። ጂሜይል ሚያዝያ 1 ቀን 2004 ሲወጣ ለአንድ ሰው 1 ጊጋባይት ቦታ እሰጣለሁ ስላለና ቀኑም በፈረንጆች ዘንድ የቀልድ ቀን ስለ ሆነ ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። ከቦታው ይልቅ ግን ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ሌላው ለውጥ ነው። ጂሜይል በፎልደር ፋንታ ሌብል የሚባል መለያ አመጣ።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። በአውትሉክና በያሁ አንድ ደብዳቤ በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው በአንድ ፎልደር ውስጥ ነው። በጂሜይል ግን መለያው እንደ ቁራጭ ወረቀት በደብዳቤው ላይ የሚለጠፍ ስለ ሆነ፤ አንዱ ደብዳቤ ሁለትም ሦስትም መለያ ሊኖረው ይችላል። አክስቴ ከዋሽንግተን በምትጽፈው በአንዱ ደብዳቤ ስለ እኅቴ ትምህርትም ስለ አያቴ ቤት ጉዳይም ታነሣለች። በአባቴ መዝገብ ቤት ቢሆን ዋናው በአንዱ ዶሴ፤ ግልባጩ በሌላው ይገባ ነበር። እኔ ሁለት መለያ እለጥፍበታለሁ፤ ግልባጭ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። በጂሜይል መለያውን ብትሰርዙት ደብዳቤዎቹ አይነኩም፤ መለያው ብቻ ይላቀቃል። ደብዳቤውን ራሱን ከአንዱ መለያ ሥር ከፍታችሁ ብትሰርዙት ግን ከሁሉም ሥር ይጠፋል፤ ከቆሻሻ መጣያውም የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። በአውትሉክ ደግሞ ፎልደሩን የሰረዘ ሰው በውስጡ ያሉትን ደብዳቤዎች አብሮ ወደ መጣያው ይሰዳል። አርካይቭ የሚለውን ቁልፍ ብዙ ጓደኞቼ ይፈሩታል። በጂሜይል የእርሱ ሥራ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ ማንሣት ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ሁሉም መልእክት በሚለው ክፍል ውስጥ ይገኛል።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ «መፈለጊያ ሳጥን እያለ ዶሴ ማበጀት ለምን ያስፈልጋል? ቃሉን ጽፎ መፈለግ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ለእንግሊዝኛ ደብዳቤ አሳቡ መልካም ነው። ለእኛ ግን አይበቃም። የመጀመሪያው ምክንያት ፊደላችን ነው። እኛ ሥራ ብለን በንጉሡ ሠ የምንጽፈውን ሌላው ሰው በእሳቱ ሰ ይጽፈዋል፤ ስናነበው አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን እነዚህ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ፀሐይ የሚለው ቃልማ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ የአማርኛ መምህራችን ያውቁታል። ሁለተኛው ምክንያት ሰዋስዋችን ነው። ትምህርት የሚለው ቃል በደብዳቤ ውስጥ ለብቻው የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ የትምህርት፤ ለትምህርቷ፤ በትምህርቱ እየተባለ ከሌላው ጋር ተጣብቆ ይመጣል። መፈለጊያው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሙሉ ቃል እንጂ የቃል ቁራጭ አይደለም። ሦስተኛም፤ አክስቴ አማርኛውን በላቲን ፊደል ስለምትጽፍ አንዱን ቃል ዛሬ በአንድ መልክ፤ ነገ በሌላ መልክ ትጽፈዋለች። ከዚህም ሌላ፤ የአባቴ የጡረታ ወረቀት ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲላክልን በደብዳቤው ላይ አንድም ቃል አልነበረበትም። ባዶ ደብዳቤ በምን ቃል ይፈለጋል? ደብዳቤው በገባ ጊዜ መለያ ከተለጠፈበት ግን ጸሐፊው በምንም ፊደል ቢጽፈው ይገኛል። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ የመለያውን ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ እናቴም ይህን ስላየች ሣጥኑን ራሷ መክፈት ጀምራለች።

በመጀመሪያ በችኮላ 19 መለያ አበጀሁ። ወር ሳይሞላ የቱ የት እንደ ሆነ ራሴ ጠፋኝ። አባቴ ሳቁና «ዶሴ ሲበዛ ሁለተኛ ጠረጴዛ ይሆናል» አሉኝ። አሁን አምስት ብቻ ናቸው። እነርሱም ቀን የተቈረጠለት፤ የእኅቴ ትምህርት፤ የአባባ ጡረታ፤ ዘመድ፤ ደረሰኝ ይባላሉ። የመጀመሪያው ከሁሉ በላይ ይቀመጥ ዘንድ ከስሙ ፊት 1 ቁጥር ጨመርሁበት፤ ቀይ ቀለምም ሰጠሁት። ደብዳቤው መልስ ካገኘ በኋላ ቀዩን መለያ አነሣለታለሁ፤ ሌላው መለያ ግን ይቀርለታል።

መለያውን ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲለጥፍ የሚያደርግ ፊልተር የሚባል መሣሪያም አለ። ደብዳቤውን ከፍቶ በላይ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች በመጫን፤ ከዚህ ላኪ የሚመጣው ሁሉ ይህ መለያ ይለጠፍበት ብሎ ማዘዝ ነው። ቀድሞ የመጡትንም ለመለየት ምልክት የሚደረግበት ትንሽ ሳጥን አለው። እኔ ይህን ያደረግሁት በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ነው፤ በስልኩ መተግበሪያ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም። (የጋራ ኮምፒዩተር ስለ ሆነ ስትጨርሱ ከሣጥናችሁ መውጣት አትርሱ፤ አንድ ጊዜ ረስቼ የአክስቴን ደብዳቤ ሌላ ሰው አንብቦታል።) ፊልተሩ ደብዳቤውን ኢንቦክስ ሳያስገባ በቀጥታ ወደ መለያው እንዲወስደውም ማዘዝ ይቻላል። ይህን የፈቀድሁት ለሱቅ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ቀን የተቈረጠለት ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ ሳያልፍ ዶሴ ውስጥ ከገባ፤ በንጽሕና የተቀመጠ ሆኖ ሳይነበብ ይቀራል። እንደዚሁም አይፈለጌ መልእክት የሚገባበትን ስፓም የተባለውን ክፍል በየቅዳሜው እመለከታለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ደብዳቤ በስሕተት ይገባበታል፤ ጂሜይልም በ30 ቀን ይሰርዘዋል።

እኅቴ በዚህ ዓመት በየካቲት ወር ሁለተኛ ማመልከቻ ልካለች። የላኪው አድራሻ ተመዝግቧል፤ መልሱ ሲመጣ ኢንቦክስ ውስጥ ሆኖ ቀዩ መለያና የእርሷ መለያ ይለጠፉበታል። አባቴ ከእራት በኋላ «ጠረጴዛው ባዶ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ይህን በጻፍሁበት ማታ አራት ደብዳቤ ቀርቶበት ነበር።