ባትሪው ሳያልቅ የሚደክም ሞተር፦ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል በከሚሴ–ደሴ መንገድ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» የሚል ነው። በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ በከሚሴ ለሚኖር የሞተር ሳይክል ባለቤት ግን የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ምን ያህል ይጎትታል?

በሳልቫትዮ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻ ሊትር ቤንዚን ከመጀመሪያዋ እኩል ታገለግላለች። ባትሪ እንዲህ አይደለም። ቻርጁ ሲቀንስ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ውስጣዊ ተቃውሞውም ይጨምራል። ኃይል የቮልቴጅና የከረንት ብዜት በመሆኑ፣ መቆጣጠሪያው የሚፈቅደው ከረንት ባይለወጥ እንኳ ሞተሩ የሚያገኘው ዋት ይቀንሳል።

ለምሳሌ ያህል ባለ72 ቮልት፣ 20 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበትን የሊቲየም ባትሪ እንውሰድ። ሙሉ ሲሆን 84 ቮልት ነው። ተቃውሞው 0.1 ኦም፣ ከረንቱ 40 አምፔር ቢሆን 4 ቮልት በውስጡ ይባክንና 3,200 ዋት ይወጣል። ቮልቴጁ 64 ደርሶ ተቃውሞው 0.2 ኦም ሲሆን ግን 8 ቮልት ይባክናል፤ የሚወጣው 2,240 ዋት ብቻ ነው። ያኔ እያንዳንዱ ሴል ወደ 2.8 ቮልት ስለሚወርድ፣ መቆጣጠሪያው ሴሎቹን ከጉዳት ለማዳን ከረንቱን ይቀንሳል። 20 አምፔር ላይ ቢገድበው የሚቀረው 1,200 ዋት ነው።

ከከሚሴ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ይህን ያባብሰዋል። ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። ጽኑው ዳገት፣ ሐረጎ፣ የሚመጣው ከኮምቦልቻ በኋላ፣ ማለትም የባትሪው ብዙ ክፍል ካለቀ በኋላ ነው። ሁለት ሰው የጫነ፣ በድምሩ 220 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ሳይክል 5 በመቶ ዳገት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት የመሬት ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 900 ዋት ያህል ያስፈልገዋል። ከ1,200 ዋቱ 80 በመቶው ጎማ ቢደርስ 960 ዋት ነው፤ ለነፋሱና ለጎማው ሰበቃ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። አሽከርካሪው ባትሪው «እያለ» ሞተሩ የደከመ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቂት ቆሞ ሲያርፍ ቮልቴጁ መልሶ ከፍ ይላል፤ ዳገቱን ሲጀምር ግን ወዲያው ይወርዳል።

የባትሪው ዓይነትም ልዩነት አለው። በእርሳስና አሲድ ባትሪ አሲዱ እየቀጠነ ስለሚሄድ ድካሙ ቀስ በቀስ ይታወቃል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል በአንጻሩ አብዛኛውን ጊዜ 3.2 ቮልት አካባቢ ቆይቶ መጨረሻ ላይ በድንገት ይወድቃል፤ ቮልቴጅን ብቻ የሚያነብ ጠቋሚም በቀላሉ ያታልላል። የከሚሴ ሙቀት እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ ቅዝቃዜ ተቃውሞን ይጨምራልና፤ የደሴ ማለዳ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ገዢ ሞተር ሳይክሉን መፈተን ያለበት ባትሪው 20 በመቶ ሲደርስ፣ ሰው አሳፍሮ፣ ዳገት ላይ ነው። ወደ ደሴ የሚሄድም ቻርጁን የሚሞላበት ተገቢ ቦታ ኮምቦልቻ ነው፣ ከሐረጎ በፊት።