ማቅለሽለሽ፣ ቃርና የሆድ ድርቀት፦ መድኃኒቶቻቸው እንዴት ይሠራሉ?

ማቅለሽለሽ፣ ቃርና የሆድ ድርቀት በየቤቱ የሚያጋጥሙ ችግሮች ናቸው። ብዙ ባለትዳሮች ከጎረቤት ያገኙትን ወይም ራሳቸው ከመድኃኒት ቤት የገዙትን ኪኒን ውጠው ያልፋሉ። ሆኖም እነዚህ ችግሮች በእርግዝና ወይም በሌላ መድኃኒት ምክንያት ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከመዋጥ በፊት መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

በቅድሚያ፦ እርግዝና ይኖር ይሆን?

የወር አበባዋ የዘገየባትና የሚያቅለሸልሻት ሴት ማንኛውንም መድኃኒት ከመውሰዷ በፊት የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። በእርግዝና ጊዜ በብዛት የሚመነጨው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን የጨጓራንና የአንጀትን ጡንቻዎች ያላላል። በጨጓራና በምግብ ቧንቧ መካከል ያለው በር በደንብ ስለማይዘጋ አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ቃር የሚባለው ይህ ነው። የአንጀት እንቅስቃሴም ስለሚዘገይ ሰገራ ይደርቃል።

የማቅለሽለሽ መድኃኒት

ማስመለስን የሚያዘው በአንጎል ውስጥ ያለ ማዕከል ነው። ብዙ ሰው ፕላሲል በሚለው ስም የሚያውቀው ሜቶክሎፕራማይድ ወደዚህ ማዕከል የሚሄደውን መልእክት ያግዳል፤ ጨጓራም ምግብን ቶሎ ወደ አንጀት እንዲያሳልፍ ያደርጋል። እንቅልፍ እንቅልፍ ሊያሰኝ ይችላል። አንገትን ወይም ዓይንን ካጣመመ ግን ወዲያውኑ አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ቫይታሚን ቢ6 ሊያዝ ይችላል። ጥቂት ጥቂት እየቆረሱ ቶሎ ቶሎ መመገብም ይረዳል።

የእርግዝና መከላከያ ኪኒንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊያቅለሸልሽ ይችላል። ማታ ከመኝታ በፊት ወይም ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀልላል። ኪኒኑን ከዋጡ በኋላ 2 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለስዎ ሌላ አንድ ኪኒን ይዋጡ። ኃይለኛ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከ2 ቀን በላይ ከቆየ ግን ኪኒኑን ሳያቋርጡ በተጨማሪ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ወደ ክሊኒክም ይምጡ።

የቃርና የጨጓራ አሲድ መድኃኒት

እነዚህ በሦስት ይከፈላሉ።

1. አልሙኒየምና ማግኒዥየም ያለባቸው የሚታኘኩ ኪኒኖችና ሽሮፖች፦ ጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ ያከሽፋሉ። ቶሎ ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ብዙ አይቆዩም። አልሙኒየሙ ሆድ ያደርቃል፤ ማግኒዥየሙ ደግሞ ያስቀምጣል። ሁለቱ የሚቀላቀሉትም ለዚሁ ነው።

2. እንደ ሲሜቲዲን ያሉት፦ ጨጓራ አሲድ እንዲያመነጭ የሚያዘውን መልእክት ይከለክላሉ።

3. እንደ ኦሜፕራዞል ያሉት፦ አሲድ የሚያመነጨውን የጨጓራ ክፍል ራሱን ሥራ ያስቆማሉ። ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብለው ይወሰዳሉ። ሙሉ ኃይላቸው የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን አልሠራም ብሎ መተው አይገባም።

የሆድ ድርቀት መድኃኒት

የመጀመሪያው መድኃኒት ውኃና አሠር ያለው ምግብ ነው፤ ጎመን፣ ምስር፣ ቂንጬና የበሰለ ፓፓያን የመሳሰለው። አሠሩ ውኃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል። ይህ ካልበቃ ላክቱሎዝ የተባለው ሽሮፕ ውኃን ወደ አንጀት በመሳብ ይሠራል፤ አንድ ሁለት ቀን መታገስን ይጠይቃል። ቢሳኮዲል ደግሞ የአንጀትን ጡንቻ ቀስቅሶ ያንቀሳቅሳል፤ ማታ የተዋጠው ብዙውን ጊዜ ጠዋት ይሠራል። ነፍሰ ጡር ሴት እንደ ጉሎ ዘይትና ኮሶ ያሉትን ኃይለኛ ማስቀመጫዎች መውሰድ የለባትም። የመከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴትም ብትሆን፣ ኃይለኛ ተቅማጥ ኪኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያደርግ እንደሚችል ትወቅ።

አብረው የማይወሰዱ

• የብረት እንክብል ሊያቅለሸልሽና ሆድ ሊያደርቅ፣ ሰገራንም ሊያጠቁር ይችላል። ለቃር ተብሎ አሲድ ማክሸፊያ አብሮት ከተወሰደ ብረቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም። በሁለቱ መካከል ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑር። ቡናና ሻይም ከብረቱ ይራቁ።

• ቢሳኮዲል አንጀት እስኪደርስ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ነው። ወተትና አሲድ ማክሸፊያ ሽፋኑን ቀድመው ስለሚያሟሙት ሆድ ይቆርጣል። ቢያንስ የ1 ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል።

ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ

ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ የማይረጋልዎት ከሆነ፣ ሽንት ካነሰ፣ ደም ካስመለስዎ፣ የብረት እንክብል ሳይወስዱ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ካለ በኪኒን ማስታገስ አይበቃም።

ወደ ክሊኒክ ሲመጡ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይምጡ፤ ቢቻል ባልና ሚስት አብራችሁ ኑ። የወር አበባ መዘግየቱንም ሆነ የሚወሰደውን ኪኒን ለጤና ባለሙያው በግልጽ ንገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ትክክለኛው መድኃኒት የሚታዘዘው ሁሉም ሲነገር ነው።