ኦፕራሲዮን የሚጠብቀው ሰው ፍርሃቱን እንዴት ያርግብ?



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁሙዓ ትምህርታችን ኦፕራሲዮን ታዞለት ቀኑን ስለሚጠብቅ ሰው ነው። ማንቡክ ላይ ይህ ሰው ሩቅ አይደለም። ዛሬ የጎረቤታችን ቡአ ነው፤ ነገ በኦፕራሲዮን የምትወልድ እህታችን ናት፤ ከነገ ወዲያ የእናታችን እንቅርት ወይም የአባታችን ፕሮስቴት ነው። ሪፈር ይጻፋል፤ ወደ ፓዌ ወይም ወደ ባሕር ዳር ጉዞ ይጀመራል። መኪና ሲጠበቅ፣ ካርድ ሲወጣ፣ አልጋ ላይ ሆኖ ተራ ሲቆጠር ፍርሃቱ ጠብታ በጠብታ ይከማቻል። ከዚያ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። ሌላው ቀኑ ሲደርስ ልብሱን ለብሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሊድን የሚችል በሽታም ይብስበታል።

ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም። ፍርሃቱን እንዴት እንደሚያረግብ ያወቀ ሰው ለሕክምናውም ለማገገሙም ይጠቅመዋል።

*አንደኛ፦ መፍራት የኢማን ድክመት አይደለም*

ብዙ ታካሚ ፍርሃቱን የሚደብቀው «ተወኩል የለህም» እንዳይባል ነው። ቁርኣን ግን ሙሳ (ዐ.ሰ) በትራቸው እባብ ስትሆን እንደሸሹ፣ የድግምተኞቹን ገመድ ባዩ ጊዜም በልባቸው ፍርሃት እንደተሰማቸው ይነግረናል። አላህ አረጋጋቸው እንጂ ከነቢይነት አላወረዳቸውም። ፍርሃት አላህ በሰው ተፈጥሮ ውስጥ ያኖረው ነገር ነው፤ የምንጠየቀው ፍርሃቱ ወዴት እንደወሰደን ነው።

ደግሞም የሚፈራው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ኦፕራሲዮን ከሚጠብቁ ታካሚዎች ከመቶ 70 የሚሆኑት ጉልህ ጭንቀት እንደነበረባቸው አግኝቷል። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደግሞ ከመቶ 61 ብሏል። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ተራ ከሚጠብቁት አብዛኞቹ ፈርተዋል ማለት ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ዝም ይላል።

*ሁለተኛ፦ ፍርሃት በሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?*

ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይበዛል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይጨመደዳል። ከኦፕራሲዮን በኋላም የተጨመደደ ሆድ ቁስሉን ይጎትተዋል፤ ሕመሙ ይበረታል። ሕመሙን የፈራ ሰው በደንብ አይተነፍስም፣ አይንቀሳቀስም፣ አይተኛም፤ ይህም ማገገሙን ያዘገያል።

ሰውነትን በፈቃዳችን የምናረግብበት አንድ በር ግን አለ፤ እሱም ትንፋሽ ነው። ልብህን «ቀስ በል» ብትለው አይሰማህም። ትንፋሽህን ግን ልታዘገየው ትችላለህ። አየር ቀስ ብሎ ሲወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ያረጋጋል። አላህ በፈቃዳችን ከሚታዘዘው ወደማይታዘዘው መሸጋገሪያ አድርጎልናል።

*ሦስተኛ፦ ይህ እውቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም*

አቡ ዘይድ አል-በልኺ እ.ኤ.አ. ከ850 እስከ 934 የኖሩ ሙስሊም ሊቅ ናቸው። ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ የነፍስን ሕመም ከሰውነት ሕመም ጋር አያይዘው አስተማሩ። ሐኪም ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት አስቀድሞ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ሰውም በጤናው ጊዜ የሚያረጋጋ ሐሳብ አከማችቶ ለፍርሃት ቀን እንዲያቆይ መክረዋል።

በእኛ ዘመን ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ጡንቻን አጥብቆ በመልቀቅ ሰውነትን የማርገብ ዘዴን አስተማረ። የሃርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ አንድ ቃል ወይም አጭር ጸሎት መደጋገም የልብ ምትንና ትንፋሽን እንደሚያዘገይ አስረዳ።

ጥቅሙን ግን ማጋነን የለብንም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ መረመረ። ለታካሚው የሚሆነውን አስቀድሞ ማስረዳት፣ ሰውነትን ማርገብን ማስተማርና የመሳሰለው ዝግጅት ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕመምን ሊቀንስ፣ የሆስፒታል ቆይታንም በግማሽ ቀን ገደማ ሊያሳጥር እንደሚችል አየ፤ ማስረጃው ግን ጠንካራ እንዳልሆነ አብሮ ጻፈ። ስለዚህ ይህ የሕክምና ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

*አራተኛ፦ ቀኑ ሳይደርስ የምንለማመደው*

እነዚህን በመጨረሻው ሰዓት አትጀምሩ። ቀጠሮ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ተለማመዱ።

ትንፋሽ፦ አንድ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፤ ሆዳችሁ ከፍ ይበል። ከዚያ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። አሥር ጊዜ ድገሙት። ካዞራችሁ ወደ ተለመደው ትንፋሻችሁ ተመለሱ። ከመቁጠር ይልቅ አየሩ ሲወጣ በልባችሁ «ሱብሐነላህ» ወይም «ሐስቢየላህ» ማለት ትችላላችሁ። ቁርኣን ልቦች አላህን በማውሳት እንደሚረጉ አስተምሮናል። ይህ ማለት ግን በዚህ ቁጥርና በዚህ አኳኋን የተደነገገ ዒባዳ አለ ማለት አይደለም። ቆጠራው የሕክምና ልምምድ ነው፤ ዚክሩ ግን ሁልጊዜም የተወደደ ነው።

ጡንቻ፦ ጋደም ብላችሁ ሁለቱን እጆቻችሁን አምስት ሰከንድ ያህል ጨብጡ፤ ከዚያ ልቀቁና ልዩነቱን አዳምጡ። ቀጥሎ ትከሻ፣ ፊት፣ ጭን፣ የእግር ጣቶች። የሚያማችሁን ወይም ኦፕራሲዮን የሚደረገውን ቦታ አታጥብቁ፤ ቡአ ያለበት ሰው ሆዱን አይወጥር።

ሐሳብ፦ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትወዱትን ቦታ አስቡ። የግቢያችሁ የማንጎ ጥላ ወይም የበለስ ወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል። ነፋሱን፣ ድምፁን፣ ሽታውን አስታውሱ። ቁርኣን ማድመጥ የሚያረጋጋችሁ ከሆነ በስልካችሁ ጭናችሁ ሂዱ፤ አጠገባችሁ ያለው በሽተኛ እንዳይረበሽ ግን በጆሮ ማዳመጫ ይሁን።

*አምስተኛ፦ በልብ ላይ ያለውን ሸክም ማራገፍ*

አንዳንዱ ጭንቀት በትንፋሽ ብቻ አይለቅም፤ ምክንያቱ ካልተፈታ ይመለሳል።

ዕዳ ወይም የሰው ሐቅ ያለበት ወሲያውን ይጻፍ። ወሲያ መጻፍ ሞትን መጥራት አይደለም፤ ጤነኛም የታዘዘበት ነገር ነው። ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ልቡ ይቀለዋል።

ሶላቴ እንዴት ይሆናል ብሎ የሚጨነቅም አለ። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) የኪንታሮት ሕመም ነበረባቸው፤ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው ከመቆም ወደ መቀመጥ፣ ከመቀመጥ ወደ መጋደም እንደሚቻል ተምረዋል። ውሃ ቁስሉን የሚጎዳበት ሰው ተየሙም አለለት። ዝርዝሩን ከመሄዳችሁ በፊት የቅርብ ዓሊማችሁን ጠይቁ።

ስለ ዐውራዋ የምትጨነቅ እህትም ይህን ትወቅ፦ ለሕክምና በሚያስፈልገው ልክ መገለጥ በሸሪዓችን ፈቃድ አለው። ከሚያስፈልገው ውጭ ያለው እንዲሸፈንላት መጠየቅ መብቷ ነው።

ሐኪሙንም ጠይቁ። ሙሉ በሙሉ ነው የሚያስተኛኝ ወይስ ከወገቤ በታች ነው የሚደነዝዘው? ስነቃ ምን ይሰማኛል? መቼ እነሳለሁ? አማርኛ የማይቀለው ጉሙዝኛ ወይም ሺናሽኛ ተናጋሪ ከሆነ የሚያስተረጉምለት ዘመድ አብሮት ይሂድ። ያልገባው ነገር ፍርሃቱን ያበዛበታል።

*ስድስተኛ፦ በዲን ስም የሚሠሩ ስህተቶች*

«ምንም አትብላ፣ አትጠጣ» የተባለ ሰው ቁርኣን የተቀራበት ውሃ ወይም ዘምዘም ቢሆንም ከተወሰነለት ሰዓት በኋላ አይጠጣ። ማደንዘዣ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያላላ በሆድ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ይህም ሊገድል ይችላል። ውሃውን በማለዳ ሳይሆን ሐኪሙ በፈቀደበት ጊዜ ስጡት፤ በዚያች ሰዓት ዱዓ አድርጉለት።

ጫት የሚቅም፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም የባህል መድኃኒት የወሰደ ሰው ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳያፍር ይንገር። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይነካል፤ መደበቁ ጉዳቱ ለራሱ ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር (ረሒመሁላህ) እግራቸው ሲቆረጥ የሚያደነዝዝ ነገር አልፈልግም ብለው በዚክር እንደጸኑ ይተርካሉ። ታሪኩ የሰብር ትምህርት ነው። ማደንዘዣን መተው ግዴታ ነው ወይም ይበልጣል ብሎ ከዚህ መውሰድ ግን ስህተት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትንም አስተምረዋል። ማደንዘዣው፣ የሕመም ማስታገሻው፣ የትንፋሹ ልምምድ ሁሉም ገመዱን ማሰር ነው።

*ሰባተኛ፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ*

ስትነቁ አልሐምዱሊላህ በሉ፤ ወደ ለመዳችሁት ትንፋሽ ተመለሱ። ሐኪም ካልከለከለ በየሰዓቱ ጥቂት ጊዜ በጥልቀት መተንፈስ ሳንባን ይከፍታል። ሆዳችሁ የተሰፋ ከሆነ ስታስሉ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ቁስሉ ላይ ደግፉ። ተነሱ ስትባሉ ተነሡ፤ የታዘዘላችሁን ማስታገሻ በሰዓቱ ውሰዱ።

ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከደማ ወይም መግል ከያዘ፣ አንድ እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ከቆረጠ ግን ያ ጭንቀት ብቻ ነው ብላችሁ አትተውት፤ ወዲያው ለነርስ ንገሩ።

*አስታማሚዎች ሆይ!*

በሽተኛ መጠየቅ ትልቅ አጅር አለው። ታዲያ «እከሌም በዚሁ ኦፕራሲዮን ነው የሞተው» ለማለት አይሂድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሽተኛ ሲጠይቁ ተስፋ ይሰጡ ነበር። አልጋውን አሥር ሆናችሁ ከምትከቡት አንዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ከፈቀደም እጁን ይዛችሁ አብራችሁት ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። የሚፈራ ሰው ከቃል በፊት ያጠገቡን ሰው እርጋታ ይሰማል።

የዚህ ሳምንት ሥራችን፦ ቀጠሮ ያለው አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጉ። ይህን ትምህርት አስረዱት፤ ትንፋሹን አሥር ጊዜ አብራችሁት ተለማመዱ።

አላህ ሆይ! የታመሙትን ሁሉ አሽርልን። በኦፕራሲዮን አልጋ ላይ ላሉት እርጋታን አውርድላቸው። የሐኪሞችንና የነርሶችን እጅ አቅናልን። እኛንም ሰበብ አድርሰው በአንተ ከሚመኩት አድርገን። አሚን።

ጁሙዓችሁ የተባረከ ይሁን።